«ጨረስኩ» እና «አልጨረስኩም»፦ ለፋብሪካ ጥገና ቡድን የዲጂታል ሬዲዮ አያያዝ

የምሠራው ከላንቻ ብዙም በማይርቅ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሌሊት ማሽኖቹ ሲቆሙ የመኪናው መንገድ ድምፅ ይሰማናል። ኤሌክትሪሻን ሆኜ ገባሁ፣ አሁን የጥገና ፈረቃ መሪ ነኝ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ሌሊት ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነበር። ስንዴ የሚያመላልሰው ስክሪው ኮንቬየር ታፍኖ ቆመ። አንጋፋው መካኒካችን ክዳኑን ከፍተው፣ አንድ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው የተጠቀጠቀውን እህል እያወጡ ነበር። ከመቆጣጠሪያ ክፍል ኦፕሬተሩ በሬዲዮ «ጋሼ፣ ጨረሱ ወይ?» አላቸው። እሳቸው በነፃው እጃቸው ሬዲዮውን ይዘው «አልጨረስኩም» አሉ። ኦፕሬተሩ ጆሮ የደረሰው «ጨረስኩ» የሚለው ነው። ማስነሻውን ተጫነ።

ኮንቬየሩ አልተነሳም። መካኒኩ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የኃይል ማቋረጫውን አጥፍተው የራሳቸውን ጓጉንቸር ቆልፈውበት ነበር። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው። እጃቸው ዛሬም ሙሉ ነው፣ ዛሬም በዚያው እጅ ይሠራሉ።

ሬዲዮዎቹ ያኔ አዲስ ነበሩ። ዲጂታል ናቸው፣ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። ታዲያ ምን ተፈጠረ? ቃሉን ራሱን እንየው። በአማርኛ ማፍረሻው የሚገባው ከግሱ ፊት ነው። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ፣ መሃል ላይ ያለው ግስ ግን ያው ነው። ዲጂታል ሬዲዮ ደግሞ የመናገሪያ ቁልፉ እንደተጫነ ወዲያው መንገድ አይከፍትም። መጀመሪያ ሪፒተሩን፣ ማለትም የእጅ ሬዲዮዎቹን ድምፅ ተቀብሎ አጠናክሮ መልሶ የሚያሰራጨውን መሣሪያ፣ ይቀሰቅሳል። ሪፒተሩ ሲመልስለት ነው ድምፅ መላክ የሚጀምረው። በዚያች ቅጽበት የተነገረ ነገር የትም አይደርስም። «አል» የቀረችው እዚያ ነው። የመጨረሻዋ «ም» ደግሞ ጣት ቀድሞ ሲለቅ ትቆረጣለች፣ ወይም በማሽን ጩኸት ትዋጣለች። ተርፎ የደረሰው «ጨረስኩ» ብቻ ነው።

ስለዚህ ስለ ዕቃ ግዢ ከማውራቴ በፊት ስለ አነጋገር ልናገር። ብዙ ፋብሪካ ሬዲዮ ይገዛል፣ አነጋገሩን ግን ማንም አያስተምርም።

ተጫን፣ ድምፁን ጠብቅ፣ ከዚያ ተናገር

አብዛኛው ዲጂታል ሬዲዮ መንገዱ ሲከፈት አጭር «ቲት» የምትል ድምፅ እንዲያሰማ ማድረግ ይቻላል። ይህን ፕሮግራም የሚሞላላችሁን ባለሙያ «መናገር ሲፈቀድ ድምፅ ይስጥ» በሉት። በሁሉም ሬዲዮ ላይ ይብራ። ሠራተኛው ቁልፉን ተጭኖ ያቺን ድምፅ ሳይሰማ አፉን አይክፈት። ድምፅ የማይሰጥ ሬዲዮ ከሆነ ተጭኖ አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቅ። ተናግሮ ሲጨርስም ጣቱን ቶሎ አይልቀቅ።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። በድካም ሰዓት ሰው ይረሳል። ስለዚህ እኛ ጋ ሁለተኛ ሕግ አለ፦ የማሽን ሁኔታ በ«አል» እና በ«አት» በሚጀምር ቃል አይነገርም።

«አታስነሳው» እና «አስነሳው»ን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ልዩነታቸው አንዲት «ታ» ናት። ስንዴው በሚፈጭበት በሮለር ወለል ላይ፣ ጆሮ መከላከያ አድርጋችሁ፣ ያቺን «ታ» ትሰማላችሁ? እኔ አልሰማትም። ስለዚህ «አታስነሳው» የለም፣ «ይቁም» ነው። «አልጨረስኩም» የለም፣ «ሥራ ላይ ነኝ» ነው። «አትክፈተው» የለም፣ «እንደተዘጋ ይቆይ» ነው። «ኃይል አልጠፋም» የለም፣ «ኃይል አለ» ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ሐሳቦች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ቃላት ይኑሯቸው። ግማሹ ቢቆረጥ እንኳ የቀረው ግማሽ ወደ ተቃራኒው እንዳይዞር።

ጠያቂውም ድርሻ አለው። «ጨረሱ ወይ?» የሚል ጥያቄ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ጆሮው ላይ አስቀምጦታል። መስማት የሚፈልገውን ይሰማል። «ያሉበትን ይንገሩኝ» ቢል ኖሮ መካኒኩ «ሥራ ላይ ነኝ፣ እጄ ማሽኑ ውስጥ ነው» ይሉት ነበር።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። «ሰባት» እና «ሰባ»፣ «ስድስት» እና «ስድሳ»፣ «ስምንት» እና «ሰማንያ» በሬዲዮ ይምታታሉ። «አሥራ ሰባት» መጀመሪያው ሲቆረጥ «ሰባት» ይሆናል። እኛ ጋ ቁጥር በነጠላ በነጠላ ይነገራል። ሞተር 17 «አንድ ሰባት» ነው፣ ሞተር 70 «ሰባት ዜሮ» ነው። መጀመሪያ ላይ ሠራተኛው ሣቀ። ሞተር 17 ላይ ሊሠራ የተላከ ልጅ ሞተር 7ን ሊፈታ ሲል ከተያዘ በኋላ ግን የሣቀ የለም።

አሁን አንድ ጥሪ ይህን ይመስላል («ተቀበል» ማለት ተናግሬ ጨርሻለሁ፣ ተራው የአንተ ነው ማለት ነው)፦

«መካኒክ 1፣ መካኒክ 1፣ ከኮንትሮል። ተቀበል።»
«ኮንትሮል፣ መካኒክ 1 ነኝ። ቀጥል።»
«ስክሪው አንድ ሰባት ላይ ያሉበትን ይንገሩኝ። ተቀበል።»
«ስክሪው አንድ ሰባት፣ ሥራ ላይ ነኝ። እጄ ማሽኑ ውስጥ ነው። ይቁም። ተቀበል።»
«ስክሪው አንድ ሰባት ይቁም። ተረድቻለሁ።»

የመጨረሻው መስመር ትልቁ ነው። የሰማ ሰው የሰማውን መልሶ ይናገራል። «እሺ» መልስ አይደለም። «እሺ» ያለ ሰው ምን እንደሰማ አላወቅንም።

ስለ መጠሪያም ልጨምር። ድሮ «ጋሼ» ተብሎ ሲጠራ ሦስት ሰው «አቤት» ይል ነበር። መጠሪያ ስንሰጥ አንጋፋው መካኒክ ቅር አላቸው። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቁጥር ታደርጊኛለሽ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ስለዚህ መጠሪያው ቁጥር ቢሆንም አነጋገሩ በአንቱታ እንዲሆን ተስማማን። «መካኒክ 1፣ ይሰሙኛል?» ይባላሉ። መጠሪያው የሥራው ነው፣ አክብሮቱ የሰውየው። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት። ያልተከበረ ሰው ሬዲዮውን ይዘጋዋል።

የሬዲዮ ቃል ጓጉንቸርን አይተካም

ያን ሌሊት እጅ ያተረፈው ጓጉንቸሩ ነው። ይህን በደማቁ ጻፉት። ኃይሉን የሚያጠፋው፣ የሚቆልፈውና ቁልፉን ኪሱ የሚከተው ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ሰው ራሱ ነው። የሚፈታውም እሱ ራሱ ነው። በሬዲዮ «ፍቱልኝ» አይባልም። ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ጓጉንቸር ይንጠልጠል። ሬዲዮው የሚያገለግለው ለማሳወቅ ነው፦ ቆልፌአለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ወጥቻለሁ፣ ፈትቻለሁ።

ለምን ስልክ አይበቃም?

ሥራ አስኪያጆች ይህን ይጠይቃሉ። ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ የቴሌግራም ግሩፕም አለን። ግሩፑን እንወደዋለን፣ የተሰበረ ቤሪንግ ቁጥር ፎቶ አንስቶ ለዕቃ ግምጃ ቤት ለመላክ የሚስተካከለው የለም። ግን ጓንት ያደረገ ሰው ስልክ መክፈት አይችልም። ስልክ ለአንድ ሰው ነው የሚደወለው፣ ሬዲዮ ግን አንድ ጊዜ ሲነገር ኤሌክትሪሻኑም መካኒኩም ቦይለር ቤቱም ይሰማል። በተለይ መብራት ሲጠፋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደዋወል፣ ልዩነቱ ይታያል።

ምን ዓይነት ሬዲዮ?

ለእኛ ዓይነት ግቢ የሚመጥነው ዲኤምአር የሚባለው የዲጂታል ሬዲዮ ደረጃ ነው። የአውሮፓ የቴሌኮም ደረጃዎች ተቋም፣ ኤትሲ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክፍት ደረጃ ነው። ብዙ አምራቾች ስለሚሠሩበት የአንድ ሻጭ እስረኛ አትሆኑም፣ ሞዴል ሲቀላቀል ግን አስቀድሞ አብረው እንደሚሠሩ መሞከር አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ 12.5 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለው መስመር በጊዜ ለሁለት ይከፈላል። 30 ሚሊሰከንድ ለአንዱ፣ 30 ሚሊሰከንድ ለሌላው፣ እየተፈራረቀ። ጆሮ ይህን አይለይም። በአንድ መስመርና በአንድ ሪፒተር ሁለት ቡድን በአንድ ጊዜ ያወራል ማለት ነው። እኛ አንዱን ለጥገና፣ ሌላውን ለምርትና ለጥበቃ አድርገነዋል። ሬዲዮው እየተናገረ ሳለ የሚያሰራጨው ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ባትሪም ይቆጥባል።

ቪኤችኤፍ ወይስ ዩኤችኤፍ? ሁለቱ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ክልሎች ናቸው፣ ቪኤችኤፍ ዝቅተኛው፣ ዩኤችኤፍ ከፍተኛው። ግድግዳና ብረት ለበዛበት ሕንፃ ዩኤችኤፍ ይሻላል። 150 ሜጋኸርዝ ላይ ሞገዱ 2 ሜትር ነው፣ 450 ላይ ደግሞ 67 ሴንቲሜትር ገደማ። አጭሩ ሞገድ በበርና በመስኮት፣ በማሽን መሃልም ይሾልካል። አንቴናም ያጥራል፣ ወገብ ላይ አያስቸግርም። ቪኤችኤፍ ለሜዳና ለገጠር ይሁን።

መሃል ከተማ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በእኛ ዙሪያ ሆቴል አለ፣ የግንባታ ቦታ አለ፣ የጥበቃ ድርጅት አለ። ሁሉም ሬዲዮ ይይዛል። ፈቃድ ሳይኖር በዘፈቀደ ፍሪኩዌንሲ የሞላ ሰው የጎረቤት ክሬን ኦፕሬተር ላይ ሊያወራ ይችላል፣ እነሱም በእናንተ ላይ። ዲኤምአር ከ0 እስከ 15 የሚደርስ «ከለር ኮድ» የሚባል መለያ አለው። የጎረቤታችሁ ኮድ ከእናንተ ከተለየ ወሬውን አትሰሙም። ግን ሞገዱ አለ፣ መንገዱንም ይይዝባችኋል። መፍትሔው የራስ ፍሪኩዌንሲ ነው። ለዚህ መሄድ ያለባችሁ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ይህ መሥሪያ ቤት ነው ፍሪኩዌንሲ የሚመድበው። ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱ። ከመግዛት በኋላ መሄድ ገንዘብ ያስበላል።

ዱቄት፣ ብናኝና ብልጭታ

የዱቄት ብናኝ አየር ላይ በበቂ መጠን ሲንሳፈፍና ብልጭታ ሲያገኝ ይፈነዳል። ይህ ለዱቄት፣ ለስኳር፣ ለእንጨት ብናኝም ይሠራል። እህል ወደ ላይ የሚያወጣው ኤሌቬተር ውስጡ፣ እህል የሚከማችበት ሲሎ አናቱ፣ የማጣሪያው ክፍል አደገኛ ናቸው። እዚያ የሚገባ ሬዲዮ ብልጭታ እንዳይሰጥ ሆኖ የተሠራና ለብናኝ አካባቢ የተመሰከረለት መሆን አለበት። ምልክቱ ባለ ስድስት ጎን ክፈፍ ውስጥ ያሉ ሁለት ፊደላት ናቸው፣ «ኢኤክስ» ተብለው ይነበባሉ። ባትሪውም ላይ መኖር አለበት። ሬዲዮው የተመሰከረለት ሆኖ ባትሪው ከገበያ የተገዛ ተራ ባትሪ ከሆነ ምስክርነቱ ፈርሷል።

ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «አይፒ 67 ነው፣ ብናኝ አያስገባም» ይላሉ። አይፒ 67 ማለት ብናኝ ወደ ውስጥ አይገባም፣ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ብልጭታ አይወጣም ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ባትሪ የሚቀየረውና የሚሞላው በቢሮ ነው፣ ብናኝ ባለበት ወለል ላይ በፍጹም። የማይክሮፎኑ ቀዳዳ በዱቄት ሲደፈን ድምፅ ይታፈናል። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። በኮምፕሬሰር አየር አትንፉበት፣ ከውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ይበሳታል።

ግቢውን በእግር መለካት

በድሮው አናሎግ ሬዲዮ ከሪፒተር ስትርቁ ሹሹታ ይጨምራል። ጆሮ አስቀድሞ ይነገረዋል። ዲጂታሉ እንዲህ አያደርግም። እስከ ጫፉ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማና ድንገት ይጠፋል። ስለዚህ ጫፉ የት እንደሆነ አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

የወለሎቹን ንድፍ በወረቀት አትሙ። ሁለት ሰው ይውጣ። አንዱ ኮንትሮል ክፍል ይቀመጥ፣ ሌላው እየዞረ ያለበትን ቦታና የዘፈቀደ ቁጥር ይናገር። የተቀመጠው ቁጥሩን መልሶ ይናገርና ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጥ። 5 ፍጹም ግልጽ፣ 3 ተደግሞ የተሰማ፣ 1 ያልተሰማ። ነጥቡ ንድፉ ላይ ይጻፍ። ይህን ማሽኖቹ እየሠሩ፣ በሮቹ ተዘግተው አድርጉት። እሑድ ሁሉም ቆሞ የተለካ ልኬት ሰኞ ያታልላችኋል። ሲሎ ያላችሁ ደግሞ ባዶ ሲሆንም ሲሞላም ለኩ። እኛ ጋ 1 ያገኙት የቦይለር ቤቱ ጀርባ፣ ምድር ቤቱ የኬብል መተላለፊያና የኤሌቬተሩ ጉድጓድ ነበሩ። የቦይለር ቤቱ አንቴናውን ከፍ ስናደርገው ተስተካከለ። ምድር ቤቱ አልተስተካከለም። ስለዚህ እዚያ የሚወርድ ሰው ብቻውን አይወርድም፣ ደረጃው አናት ላይ ሬዲዮ የያዘ ሁለተኛ ሰው ይቆማል።

ስለ ኬብል አንድ ነገር። ሪፒተሩ 25 ዋት ወይም 50 ዋት ሊሆን ይችላል፣ ወደ አንቴና የሚወስደው ኬብል ግን ኃይሉን ይበላል። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭኑ ኬብል 30 ሜትር ከሆነ በዩኤችኤፍ አንቴና ላይ የሚደርሰው ከኃይሉ ወደ 10 በመቶ ብቻ ነው። ወፍራምና ዝቅተኛ ብክነት ያለው ኬብል ግዙ። አንቴናው ጣሪያ ላይ ስለሆነ መሬት መያዣና የመብረቅ መከላከያ ይኑረው። የአዲስ አበባን የሐምሌ መብረቅ የምታውቁ አታስረዱኝ ትላላችሁ።

ሚዛን አጠገብ በሬዲዮ አትናገሩ። የማሸጊያው ዲጂታል ሚዛን አጠገብ ቆሞ የሚናገር ሰው ቁጥሩን ያዘልለዋል። 50 ኪሎ የሚያሽግ ሚዛን ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አስምረናል፣ ከመስመሩ ወዲያ ማዳመጥ እንጂ መናገር የለም።

ፕሮግራሙ ውስጥ ምን ይሞላ?

ብዙ ሬዲዮ 16 ቦታ ያለው መዘውር አለው። 16ቱንም አትሙሉ። እኛ የምንጠቀመው አራት ነው፦ ጥገና፣ ምርት፣ አደጋ እና «ቀጥታ»። ሰው በጨለማ ውስጥ ጓንት አድርጎ ቆጥሮ የሚያገኘው ያን ያህል ነው። አንድ ሰው ያለማቋረጥ መንገዱን እንዳይዝ የንግግር ጊዜ ገደብ አድርጉ፣ እኛ 30 ሰከንድ አድርገናል። መንገዱ ሲያዝ ሌላው ላዩ ላይ እንዳይናገር «ነፃ ሲሆን ብቻ አስተላልፍ» የሚለውን አብሩ። የአደጋ ቁልፉ በረጅም ጭነት ብቻ እንዲሠራ ይሁን፣ አለበለዚያ ወንበር ላይ በተቀመጡ ቁጥር ይጮኻል። ሌሊት ብቻውን የሚሠራው የቦይለር ሠራተኛ ሬዲዮ ላይ ደግሞ «ብቸኛ ሠራተኛ» የሚባለውን አገልግሎት አብሩለት። በየተወሰነ ደቂቃ ቁልፍ ካልነካ ሬዲዮው ራሱ ያስጠነቅቀዋል፣ ካልመለሰ ለሁላችን ይጮኻል።

ሰዓት ላይ ተስማሙ። ፈረቃችን የሚቀያየረው ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት እና ማታ 4 ሰዓት ነው። ንግግሩን የሚመዘግበው ኮምፒውተር ግን 02:10 ብሎ ይጽፋል፣ እኛ ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 የምንለውን። አንድ ጊዜ የብልሽት ሪፖርትና የሬዲዮ መዝገብ አልገጥም ብሎ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። በሬዲዮ ሰዓት ሲነገር «ሌሊት» ወይም «ቀን» የሚለው ቃል አይቀርም፣ መዝገቡ ላይም ስድስት ሰዓት የመቀነሱን ማስታወሻ ለጥፈናል።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ሲጠፋ የጥገና ቡድን በጣም የሚፈለግበት ሰዓት ነው። ሪፒተሩ ያኔ ከጠፋ ሁሉም ከንቱ ነው። ሪፒተሩን ከባትሪ ጋር አገናኙት፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ብቻ ሳይሆን ጄኔሬተሩ እምቢ ቢልም የሚያቆይ ይሁን። ከዚያም ሪፒተሩ ራሱ ቢሞት የምንሄድበት «ቀጥታ» የሚለው ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሬዲዮ ከሬዲዮ ያለ ሪፒተር ይገናኛል። ርቀቱ ያጥራል፣ ወለል ለወለል ግን ይሠራል።

ይህን የምናለማምደው ሳይነገር ነው። በወር አንድ ቀን፣ ማሽን በታቀደ ጥገና በቆመበት ሰዓት፣ ሪፒተሩን አጠፋለሁ። ከዚያ ሰዓቴን እያየሁ በ«ቀጥታ» እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የሞከርነው ቀን አንድም ሰው አልመጣም። ሁሉም በሞተ መንገድ ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ነበር። ባለፈው ወር አራት ደቂቃ ሳይሞላ ስድስቱም ገቡ። ቀድመው የገቡት መካኒክ 1 ናቸው። «ኮንትሮል፣ ከመካኒክ 1። ቀጥታ ላይ ነኝ። ሌሎቹን እየጠራሁ ነው። ተቀበል» አሉ።